መልሶ የሚመታ ሞተር

ኅዳር 4

ተራ ቀን። ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣ አንሶላ ስናጥብ ዋልን። አዲሷ ልጅ ደም ያለበትን ሁሉ ሰብስባ ሙቅ ውሃ ከፈተችበት። ደም በቀዝቃዛ ነው የሚለቀው። በሙቅ ይበስላል፣ ቡናማ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ይሄንን ማንም አልነገራትም መሰለኝ። እኔም አልነገርኳትም... እርጥቡን አንሶላ ፊቷ ላይ ወረወርኩባት። አለቀሰች። ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፣ ለምደውኛል።

ቤት ስገባ ጓሮ ሄጄ ሸራውን ገለጥኩት። ለምን? እንጃ። ከወደቅኩ ወዲህ ሞተሬን አላየሁትም ነበር። ታንኩ ተጨፍልቋል፣ መሪው እንደተጣመመ ነው፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ጭኔ ውስጥ ያለው ብረት ገና ሳየው ጠዘጠዘኝ። በዚህ ሞተር ስንት ዓመት ደብዳቤ አድርሻለሁ። ከተማው ውስጥ የማላውቀው የውሻ ጥርስ አልነበረም።

ሸራውን መልሼ አላለበስኩትም።

ኅዳር 9

አንድ ዓይናው ጋ ሄድኩ። ያረጁ ሞተሮች እያፈረሰ የሚሸጠው። ድሮም ዕቃ የሚሰጠኝ እሱ ነበር፣ ያኔ ሁለት ዓይን ነበረው።

"አልሞትሽም እንዴ?" አለኝ።

"አንተን ሳልቀብር?"

"በዚህ ዕድሜሽ ሞተር ምን ያደርግልሻል?"

"አንተን ልገጭበት። በማታይበት በኩል።"

ከት ብሎ ሳቀ። ከአንድ የተጋጨ ሞተር ላይ መሪና ታንክ ነቅሎ ሰጠኝ። ባለቤቱ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው ሌላ ወሬ ጀመረ። ታንኩ ላይ የደረቀ ነገር ነበር። ዝገት ነው አልኩ ለራሴ። በቀዝቃዛ ውሃ አጠብኩት።

ኅዳር 16

ፒስተኑ ተጣብቋል። ዘይት አፍስሼበት ከረምኩ፣ ንቅንቅ የለም። ዛሬ እንጨት ደግፌ በመዶሻ ወረድኩበት። ቀስ እያሉ ነው መምታት፣ አውቃለሁ። እጄ ግን አንዴ ከጀመረ አይመለስም። መዶሻው ስቶ አውራ ጣቴን አገኘው። ጥፍሩ ወዲያው ጠቆረ። ሞተሩን እንደ ሰው ሰደብኩት፣ እናቱን ሳይቀር። ከዛ ደግሜ መታሁት፣ ደግሜ... ጓ ብሎ ለቀቀ።

መምታት ደስ ይላል። ለማንም አልናገረውም፣ እዚህ ግን ልጻፈው። ደስ ይላል።

ኅዳር 22

ሚጣ መጣች። ታናሽ እህቴን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እናታችን ሞታ እኔ እጅ ላይ ከወደቀች ጀምሮ ሚጣ ናት።

ሌላ ጊዜ "በር መታኝ" ትላለች። "ደረጃ ላይ ወደቅኩ" ትላለች። ዛሬ እሱንም አላለችም። የፊት ጥርሷ የለም። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ከጆሮዋ በላይ ጸጉሯ በእፍኝ ተነቅሏል፣ ቆዳው ይታያል።

"መታኝ እትዬ።"

ባሏ ሚኒባስ ነጂ ነው። መናኸሪያው መሃል፣ ተሳፋሪው እያየ፣ በጸጉሯ ጎትቶ ከመኪናው አወረዳት። ምን አድርጋ? ምሳውን አርፍዳ አመጣችለት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ "ተው" ያለው የለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ጫማዋን ከመሬት አንስታ ሰጠቻት። ጫማዋን...

ትልቁን የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ጭንቅላቱን ልፈነክተው። ማስፈራራት አልነበረም፣ ልገድለው ነበር። ሚጣ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። እንደተጠመጠመች በሩ ድረስ ጎተትኳት። ሲሚንቶው ጉልበቷን ላጠው። "እትዬ አመመኝ" ስትል ነው የቆምኩት።

አሁን ተኝታለች። እዚህ ነው የምትኖረው። ወደዛ ሰው አትመለስም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አትመለስም።

ኅዳር 23

ሲመታኝ አልሰከረም ነበር አለችኝ። ሰክሮ ቢሆን ይሻላት ነበር?

ታኅሣሥ 1

የሚጣ ፊት እብጠቱ ትንሽ ጎደለ። ጓሮ ትወጣለች፣ ዕቃ ታቀብለኛለች፣ የያንዳንዱን ስም ትጠይቃለች። ካንዴላ፣ ካርብሬተር፣ ፍሪሲዮን... እንደ ሕፃን እየደጋገመች። ቁልፍ ስትመርጥ ደግሞ ቁጥሩን አታይም፣ ብሎኑን አይታ ነው የምታነሳው። አትስትም። ይቺ ልጅ እዛ ቤት ምን ትሠራ ነበር?

ዛሬ ልናስነሳው ነበር። እኔ ዓይኔም እጄም ዝገዋል። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ሳላውቅ አስቀደምኩት። ማስነሻውን ገና ስረግጠው ጧ ብሎ መልሶ መታኝ፣ እስከ ጉልበቴ ድረስ ነዘረኝ። ግድግዳው ጋ ነው ራሴን ያገኘሁት። የቅልጥሜ ቆዳ ተሰንጥቆ ደም በካልሲዬ ወረደ። ሚጣ አፏን ይዛ ቆመች።

"ምን ሆኖ ነው?"

አሳየኋት። ከሞተሩ ጎን ክብ ክዳን አለ። በሥሩ ትንሽ ሳህን አለች፣ ሁለት ብሎን የያዛት። ሳህኗን ስታዞሪያት እሳቱ የሚመጣበት ጊዜ ይለወጣል። እሳቱ ከቀደመ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ ሲወጣ ይመታና ይመልሰዋል። ማስነሻውም ከረገጠው እግር ጋር አብሮ ይመለሳል። የስንቱ ቁርጭምጭሚት ተሰብሯል በዚህ።

ሳህኗን ወደ ቦታዋ መለስናት። ሚጣ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ፣ ሳህኗ ላይና ሥሯ ባለው ብረት ላይ አንድ መስመር አሰመረች። "ሁለተኛ እንዳይመታሽ" አለችኝ። መስመሩ ከገጠመ ልክ ነው፣ ካልገጠመ ልክ አይደለም። የሠለጠነ መካኒክ የሚያስበው ነገር ነው።

ታኅሣሥ 5

ተነሳ። ነዳሁት።

መጀመሪያ ፈራሁ። ሦስተኛ ማርሽ ስፈልግ አንደኛ እየገባብኝ እንደ ፈረስ አዘለለኝ። ከዛ አስፋልቱ ላይ ስወጣ... ንፋሱ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ጮህኩ መሰለኝ። አንድ ሚኒባስ ገፍቶ ጠርዝ ላይ አስወጣኝ። የሱ አልነበረም፣ ሌላ ነው። ግን ሚኒባስ ነው አይደል? መብራቱ ጋ ደረስኩበትና የጎን መስተዋቱን በእግሬ መታሁት። ረገፈ። ሹፌሩ ወርዶ ሲሳደብ እኔ የለሁም።

እየሳቅኩ ቤት ገባሁ። እግሬን አሁንም ያመኛል።

ታኅሣሥ 11

መጣ። የሚጣ ባል፣ ፊት ለፊት በበሩ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ። የታመመ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

"እትዬ እንዴት ነሽ?" አለኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ። እንዴት ደስ የሚል ልጅ።

"ጥርሷን ይዘህ መጣህ?"

"የባልና ሚስት ነገር ነው እትዬ። ሰው ይጋጫል። ቤቷ ትግባ።"

ሚጣ አልጋ ሥር ገብታለች። የሠላሳ ዓመት ሴት አልጋ ሥር... ኮቴውን ስትሰማ ነው የገባችው።

ሲወጣ ሞተሩን አየ። ፊቱ በራ። ሞተር ያለበት ነገር ካየ እጁ ዝም አይልም። "ይሄን እኮ የወንድ እግር ነው የሚያስነሳው" አለና በክርኑ ገፋ አደረገኝ፣ ሳያስፈቅድ ወጥቶ ረገጠ። ባንዴ ተነሳ፣ ልክ ስለሆነ ነው የተነሳው፣ እሱ ግን በእግሩ የወለደው መሰለው። መስኮቱን ቀና ብሎ አየ፣ ሚጣ አይታው እንደሆነ።

በሩ ላይ ዞር ብሎ በዛው ለስላሳ ድምፁ "እሁድ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለኝ። "በእግሯ ካልመጣች በጸጉሯ። ጸጉሯ እንደሆነ ለምዷል።"

ብርቱካኑን ግድግዳ ላይ ወርውሬ ጨረስኩት። አንድ በአንድ።

ታኅሣሥ 12

በክርኑ ገፋኝ። ሳያስፈቅድ ወጣ። መስኮቱን አየ...

እሁድም ያደርገዋል። አውቀዋለሁ፣ ሳያደርገው አይሄድም።

ታኅሣሥ 14

ሚጣ ልብስ ስታሰጣ ክዳኑን ከፈትኩ። ሁለቱን ብሎኖች አላላሁ። ሳህኗን አዞርኳት። የጥፍር ስፋት ያህል፣ ከዛ ትንሽ ጨመር። ቀዩ መስመር ተቆረጠ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዛ። አጠበቅኩት። ክዳኑን መልሼ በጨርቅ ወለወልኩት።

ከዛ ወጥቼ ልብሱን አብሬያት አሰጣሁ።

ታኅሣሥ 15

እሁድ። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ። በነጠላ ጫማ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሞተሩ ጋ ነበርኩ። የእሳቱን ቁልፍ ዘግቼ እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፣ አይነሳም። ቆሞ ትንሽ ተዝናናብኝ።

"ዞር በይ እትዬ፣ ትሰብሪዋለሽ።"

ዞር አልኩለት። ስዞር ቁልፉን ከፈትኩት።

መስኮቱን አየ። ከዛ ሞተሩ ላይ ወጥቶ ማስነሻው ላይ በሙሉ ክብደቱ ወረደበት። የሞተር ድምፅ አልነበረም የሰማሁት። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ማስነሻው መልሶ ወረወረው፣ ሞተሩ ላዩ ላይ ተጋደመ፣ እግሩ እግር ወደማይዞርበት ዞረ። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነጭ ነገር ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። "እማዬ" አለ። ያ ሁሉ ወንድነት፣ እማዬ።

ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን ልዋሽ?

ሚጣ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። መጥታ ከኔ ጋር የምትቆም ነበር የመሰለኝ። አልፋኝ ሄደች። ደሙ ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገችው።

"እትዬ መኪና ጥሪ።"

አልተንቀሳቀስኩም።

"እትዬ መኪና"

ጎረቤት ጠራ። ተሸክመው አስገቡት። እሷም ገባች፣ እጁን እንደያዘች። ወደ ኋላ አላየችም።

ታኅሣሥ 18

የተኛው እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ነው። ሌላ የት ይወስዱታል? አንሶላው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። የትኛው የሱ እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም በጥርጣሬ ነው የማጥበው።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ሾርባ ይዛለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ማን ይጠብቀው እትዬ? ሰው የለውም። ሽንት ቤት እንኳ ብቻውን አይሄድም።"

"ይሽናበት።"

የሾርባውን ክዳን አጠበቀች። ከዛ "ሲወጣ ቤት እወስደዋለሁ፣ እስኪድን ነው" አለችኝ። እስኪድን...

ልትተወው ነበር እኮ። ጤነኛ ሳለ ትታው ነበር። ሰብሬ እጇ ላይ ያስቀመጥኩላት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 27

የቀረ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ነበር፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ። የቤቱን ቁልፍ ከምንጣፉ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ምንም መልእክት የለም።

ጥር 8

በሞተር ሄድኩ። ሳህኗን መልሻታለሁ፣ መስመሩ ገጥሟል። ቤታቸው ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፅ ሰማሁ። የማውቀው ድምፅ ነው፣ ሥጋ ላይ የሚያርፍ እንጨት።

አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ በጀሶ ታሽጎ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ክራንቹን ከታች ይዞ እንደ ዱላ ያወዛውዛል። ሚጣ ጥግ ናት። ማምለጥ ትችል ነበር እኮ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብትል አይደርስባትም። ትራሱን ልታስተካክልለት ቀርባ ነው የመታት። ከጆሮዋ ደም ይወርዳል።

ክራንቹን ነጠቅኩት። ከዛ... ልጻፈው። ጀሶው ላይ መታሁት። ጮኸ። ደገምኩት። ጀሶው ተሰነጠቀ። ትከሻው ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ ፊቱን ሲሸፍን እጁ ላይ። መቼ እንደማቆም አላውቅም ነበር፣ ማቆም የሚባለው ነገር ከጭንቅላቴ ወጥቷል። ክራንቹ ተሰበረ። በተሰበረው ቀጠልኩ።

"እትዬ።"

አልጮኸችም። ሰዓት እንደምትጠይቀኝ ነው የጠራችኝ። ዞርኩ።

"ስትመቺ ፊትሽ ልክ እንደሱ ነው።"

ክራንቹ ከእጄ ወደቀ።

በር ድረስ ሸኘችኝ። ጆሮዋን በእጇ ይዛ።

"ሞተሩን ያዞርሽው አንቺ ነሽ" አለች። መጠየቅ አልነበረም። "ልብሴን የወሰድኩ ቀን ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። መስመሩ አልገጠመም።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? ለኔ ብለሽ ነው። እሱም ሁልጊዜ ለኔ ብሎ ነው።"

ጥር 9

ሥራ ሄድኩ። የመጣውን ሁሉ በቀዝቃዛ አጠብኩ።

ጥር 21

መጣች። ቦርሳዋን ይዛ። ጀሶውን ሊቀይሩለት ሆስፒታል ሲወስዱት እሷ በዚህ መጣች። ልቤ ዘለለ፣ ግን እንዳቀፍኳት ለቀቀችኝ።

"መንዳት አስተምሪኝ" አለች። ሌላ ወሬ የላትም። አልጋው ላይ እኔ ጋ ትተኛ ነበር፣ አሁን ወለሉ ላይ አነጠፈች።

ጥር 23

ጀመርን። ሞተሩን አወጣሁላት፣ ማስነሻውን ዘረጋሁላት፣ "በይ ርገጪ" አልኳት።

"መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቺ።"

"ልክ ነው እኮ፣ ትናንት ነድቼዋለሁ።"

"ክፈቺው እትዬ።"

ከፈትኩት። ጎንበስ ብላ ቀዩን መስመር አየች። ዘጋሁት። ከዛ ነው እግሯን ያሳረፈችው።

ጥር 27

በየቀኑ ነው። አሁን ካቻቢቴውን ራሷ ይዛ ትመጣለች። ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ትረግጣለች። እኔ ቆሜ ሌላ ቦታ አያለሁ። እሷን እንዲመታት ብዬ ብሎን ልነካ? እኔ? እሷን?

የሲሚንቶው ነገር ትዝ አለኝ። የተላጠው ጉልበቷ።

የካቲት 2

ጎበዝ ሆናለች። ኩርባ ላይ ከኔ ትሻላለች፣ አትቸኩልም። ዛሬ ግን ጠጠር ላይ ፍሬን ያዘችና ተዘረጋች። ክንዷ ተጋጠ፣ መሪው ተጣመመ። ሮጬ ስደርስ እየሳቀች ነበር፣ ጥርሷ በጎደለበት በኩል ደም እየተፋች ትስቃለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት።

እኔ ምን አደረግኩ? ድንጋጤው ወደ ቁጣ ዞረብኝ። "የፊት ፍሬን ጠጠር ላይ አትያዢ አላልኩሽም" ብዬ ጮህኩባት። እጄ ተነሳ። ልመታት ይሁን መሪውን ላሳያት... አላውቅም። በእውነት አላውቅም።

ሳቋ ጠፋ። ሁለት ክንዷን ጭንቅላቷ ላይ አጣምራ ኩርምት አለች። እንዲህ ሆና አልጋ ሥር ነበረች ያኔ። ያን ቀን ኮቴው የሱ ነበር። ዛሬ የኔ ነው።

እጄን አወረድኩ። ይቅርታ አልኳት። "ምንም አይደል እትዬ" አለች፣ ክንዷን ሳታወርድ።

የካቲት 6

ከሥራ ስመለስ ጓሮው ባዶ ነው። ሸራው ታጥፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ የለም፣ ቦርሳዋ የለም፣ የዕቃ ሳጥኔ ግማሹ የለም። ስልኳ ዝግ ነው።

መጀመሪያ ሰረቀችኝ አልኩ። ቀጥሎ ተገጭታ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ በሩን በቡጢ መታሁት። እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ የቀኝ እጄ አይጨበጥም። በግራ ነው የምጽፈው፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተንጋደደው።

የካቲት 12

እሱ መጣ። አዲስ ክራንች፣ ያልተላጨ ፂም።

"የት ደበቅሻት?"

"አላውቅም።"

"ውሸታም"

ክራንቹን አንስቶ የመስኮቱን መስታወት አረገፈው። ስብርባሪው ፊቴ ላይ ተረጨ፣ ግንባሬን ቆረጠኝ። መዶሻው አጠገቤ ነበር። ሚዛኑን ስቶ በአንድ እግሩ ይንገዳገዳል፣ አንዴ ገፋ ባደርገው ይወድቅ ነበር። እጄ መዶሻው ላይ ሄደ። ሄዶ ቀረ።

"የት እንዳለች አላውቅም" አልኩት። "ለኔም አልነገረችኝም።"

ዓይኔን አየኝ። እውነት መሆኑ ሲገባው ጊዜ በዓይኔ አየሁት፣ ፊቱ ወረደ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ከላይ ተቀመጥኩ፣ ግንባሬን በቀሚሴ ጠርዝ ይዤ። "ትመጣለች" አለ። ሁልጊዜ እኮ ትመጣለች አለ። እኔም በልቤ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ከሱ እንድትሸሽ ስንት ነገር አደረግኩ። ስትሸሽ ግን ከሁለታችንም ነው። የት እንዳለች ለኔ መንገርን ለሱ ከመንገር አልለየችውም።

ሲሄድ በሩን ያዝኩለት። ለምን እንደያዝኩለት አላውቅም።

የካቲት 20

አንድ ዓይናው ሌላ አሮጌ ሞተር ሰጠኝ። ይሄኛው ከኔው የባሰ ነው። ፒስተኑ ተጣብቋል። ዘይት አፈሰስኩበት፣ መዶሻውን አላነሳሁም። ይቆይ።

መጋቢት 3

ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ። የማላውቀው ቁጥር።

"እትዬ።"

ወንበር ፈለግኩ። አዲሷ ልጅ ወንበር አቀረበችልኝ።

"ሰንሰለቱ ይጮኻል፣ ላልቷል መሰለኝ" አለች ሚጣ። ሰላምታ የለም፣ ምንም። "እንዴት ነው የማጠብቀው?"

ነገርኳት። የኋላውን ትልቁን ብሎን አላልተሽ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቢው፣ ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን፣ ሰንሰለቱ ጣትሽ ሥር ትንሽ ይንቀሳቀስ፣ እንደ ክር አትወጥሪው። ስልኩን መሬት አስቀምጣ ስትሠራ ሰማኋት። ቁልፉ ሲያንሸራትታት ተሳደበች። የኔን ስድብ ነው፣ ቃል በቃል። ከኋላዋ ሴቶች ያወራሉ፣ አንዷ "ቆይ እኔ ልያዝልሽ" አለቻት። ማን ናት? የት ነው? ነፋስ አለ፣ ክፍት ቦታ ነው...

የት ነሽ ልላት አፌ ላይ ደረሰ።

"አጠበቅሽው?" አልኩ።

"አጠበቅኩት። አሁን አይጮኽም።"

"ጎበዝ።"

ቁልፉን ስታስቀምጥ ሰማኋት። "እጅሽ ዳነ?" አለችኝ። ስለ እጄ ማን ነገራት? የተሰነጠቀውን በር አይታው ይሆን? መጥታ ነበር ማለት ነው፣ መጥታ እኔን ሳትጠራ ሄዳለች። አልጠየቅኳትም።

"ድኗል" አልኩ።

"እሺ እትዬ። ቻው።"

ቁጥሩ ስልኬ ላይ ቀረ። ረጅም ሰዓት አየሁት። አንድ ቀን መናደዴ አይቀርም፣ ራሴን አውቃለሁ፣ ያን ቀን ሞተር አስነስቼ ፍለጋ እወጣለሁ። ቁጥሩን አጠፋሁት። ከዛ ወደ አንሶላው ተመለስኩ።